ደፋሩ ሰማያዊ

ባሌ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ ከዚያም ልጃችን አግብታ በለቀቀችው ክፍል ገብቶ ጭራቅ ይቀባል። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። ሥራ ቦታ «ባልሽ ከሥራ ውጭ ምን ያደርጋል?» ሲሉኝ ለብዙ ጊዜ «ያነባል» እያልኩ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን እውነቱን ብነግራቸው ካውያ ተኳሿ ሳምንቱን ሙሉ በአዘኔታ ስታየኝ ከረመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውራ ጣት ቁመት ያላቸው የፕላስቲክ ምስሎች አሉ፤ ጭራቅ፣ ዘንዶ፣ አስማተኛ፣ ድንክ ወታደር፣ ከመቃብር የተነሣ ንጉሥ። ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው፣ ዳይስ እየተጣለ የሚዋጉበት ጨዋታ አለ። ሲገዙ ግራጫ ናቸው። ተያይዘው ከተሠሩበት የፕላስቲክ ማቀፊያ በመቁረጫ ይነቀላሉ፣ ይሞረዳሉ፣ በሙጫ ይያያዛሉ፣ ከዚያ ይቀባሉ። ባሌ ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ሁለቴም ተሸነፈና «ጨዋታው ለቀለሙ ሰበብ ነው» ብሎ ተወው። ቀለሙን ግን አልተወም፤ ይኸው ሰባት ዓመቱ።

የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። ቀኑን ሙሉ አሥራ ሁለት ሜትር መኪና በየማዕዘኑ ሲያጥፍ ይውልና፣ ማምሻውን ከሰሊጥ ፍሬ በምታንስ ዓይን ውስጥ ነጥብ ያስቀምጣል። ብሩሹን በምላሱ ያሾላል። ስንት ጊዜ «መርዝ ነው» አልኩት፤ «የለመደ ሆድ ምን ይሆናል» ይላል። ምስሉን የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሲቀባ ላየው ሰው ቦምብ የሚያከሽፍ ይመስላል። የማሾፍበት እንዳይመስላችሁ። ጨርሶ የሚያሳየኝ ነገር ያምር ነበር። የካባው እጥፋት ውስጥ ጥላ አለ፣ ጫፉ ላይ ብርሃን አለ፣ የጭራቁ ድድ እንኳ ሮዝ ነው።

እኔ ደግሞ ልብስ ማስተካከያ ቤት ነው የምሠራው። እሰፋለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን ክር ማመሳሰል ነው። የተቀደደ ካፖርት ሲመጣ ለእኔ ይሰጣል፤ ግድግዳው ላይ ካለው ሦስት መቶ ምናምን ጥቅል ክር አንዷን አወርዳለሁ፤ ስፌቱ ይጠፋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተሳስቼ የተመለሰብኝ ልብስ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም በአምፖል ጥፋት ነው። ስለዚህ ስለ ቀለም የሚከራከረኝ ሰው አልወድም።

እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ ስለ ቀለም ሲያወሩ ያመሻሉ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እኛም የተቀዳነው ከአንድ ባሕር ነው፣ የፈሰስነው ግን በየፊናችን ነው። ባሌ ስለ ቀለም ማንንም አይጠይቅም። ከጠርሙሱ እንዳለ መቀባትን እንደ ስንፍና ያየዋል፤ ራሱ ነው የሚደባልቀው። መጠኑን አይጽፍም። የድሮውን ምስል አጠገቡ አቁሞ አያመሳክርም። «ቀለሙ እዚህ ነው ያለው» ብሎ ጣቱን ጆሮ ግንዱ ላይ ያሳርፋል። እኔ በበኩሌ ክሩን ከጨርቁ ጋር ሳላስጠጋ አልቆርጥም። ይህንንም ነግሬው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ «የሙት ንጉሥ ዘበኞች» የሚላቸው ነበሩ። አርባ ስምንት ናቸው፤ ሁሉም ጦር ይዘው፣ ሁሉም ሰማያዊ ካባ ደርበው። ሦስት ዓመት ፈጁበት፤ በወር አንድም ሁለትም እያለ። እያንዳንዱን ሲጨርስ መቆሚያው ሥር በቀጭን እስክሪብቶ ቀኑን ይጽፋል፣ ለእኔ ያሳየኛል፣ ከዚያ አቧራ እንዳይነካው ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል። እኔም «ጎበዝ» ብዬው ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

በመጨረሻው ዓመት ክፍሉ ውስጥ መብራት መብዛት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ የጠረጴዛ መብራት ነበረው። ሁለተኛ ገዛ። ሦስተኛውን ሲያመጣ «ቀዶ ጥገና ልትጀምር ነው እንዴ?» አልኩት። «የዘንድሮ አምፖል ደካማ ነው» አለኝ፤ እኔም በአምፖል ላይ የራሴ ቂም ስላለኝ አመንኩት። ከዚያ የማታ ፈረቃውን ከሌላ ነጂ ጋር ተለዋውጦ ጠዋት ጠዋት ብቻ መሥራት ጀመረ። በእንቅልፍ አመካኘ። ቴሌቪዥን ሲያይ ወንበሩን ማስጠጋት አመጣ። እርጅና ብቻውን አይመጣም ብዬ አለፍኩት፤ እኔንም ጉልበቴን ያመኛል።

የቀቢዎች ማኅበር አላቸው። አሥራ አንድ ወንዶችና አንዲት ነርስ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ባለች ክፍል ይሰበሰባሉ። ሊቀመንበራቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ሁሉም ጥርስ ሠሪው ይሉታል። በዓመት አንድ ጊዜ ሥራቸውን ደርድረው እርስ በርስ ይሸላለማሉ። ያን ዓመት እኔም ሄድኩ። ፍላጎት ኖሮኝ ሳይሆን አርባ ስምንት ዘበኛ አንድ ሰው ብቻውን ስለማይሸከመው ነው።

ባሌ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ አነጠፈና ዘበኞቹን በቀናቸው ተራ ስምንት ስምንት አድርጎ አሰለፋቸው። ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጡት በዚያ ተራ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ሁሉንም በአንድ ላይ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። የመጀመሪያው ረድፍ ካባ ጥቁር የገባበት፣ ጭምት ሰማያዊ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጥቁሩ ሳሳ። ሦስተኛው ላይ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ያለው እየነጣና እየደመቀ ሄዶ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ዓይን ይወጋል። በእኔ ሥራ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያው ለለቅሶ ኮት የሚሆን ክር ነው፣ የመጨረሻውን ግን ለሕፃን የዋና ልብስ እንኳ አስቤበት ነው የምሰጠው። ሥራው ሰልችቶታል ብዬ ገመትኩ።

ማኅበሩ ግን ጠረጴዛውን ከበበው። ጥርስ ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ንግግር አደረገ።

«ወንድማችን ሌሎቻችን የምንፈራውን አደረገ» አለ። «የሞቱ ወታደሮች ረድፍ በረድፍ ወደ ሕይወት ሲመለሱ በቀለም ብቻ አሳየን። ይህ ደፋር ሰማያዊ ነው!»

አጨበጨቡ። ነርሷ ዕንባ አቀረረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ከሰው ጥርስ ጋር ሲያመሳስል የሚውል ሰው፣ አንዲት የጤና ባለሙያ ታክላበት፣ ያን ሰልፍ አይቶ ጥበብ ብቻ ማየቱ እስካሁን ያናድደኛል። በእርግጥ ጥርስ ሰማያዊ የለውም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ባሌ ዋንጫውን ተቀበለ፤ የተቀቀለ እንቁላል የሚቆምበት የሚያህል ዋንጫ ነው። «አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ። እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው ተባለ።

ቤት ስንገባ ዋንጫውን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠውና ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆመ።

«አንቺ፣ ምን አዲስ ነገር አይተው ነው ግን?»

«ሰማያዊውን ነዋ።»

«የቱን ሰማያዊ?»

«የካባውን። እየደመቀ የሄደውን።»

«የምን እየደመቀ?» አለ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰማያዊ እኮ ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ጠብታ ቀይሬ ከሆነ!»

ባሌ ሲቀልድ ግራ ቅንድቡ ከፍ ይላል። ቅንድቡን አየሁት። አልተነሣም።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ የቀባው እውነትም ያንኑ ሰማያዊ ነው። ዓይኑን የሆነ ነገር ጋርዶበት ቀለሙ በየወሩ ሲጠቁርበት፣ እሱ ሳያውቀው ያቺን የድሮዋን ሰማያዊ ፍለጋ በየወሩ ሲያደምቅ ኖሯል። ይህ ሰው ሰኞ ማልዶ ሰማንያ ሰው ጭኖ ይወጣል።

መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ሰው ዋንጫ በተቀበለበት ቀን «ዓይንህ ደክሟል» አይባልም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሦስት ቀን ፈጀው፤ ጨጓራዬንም አብሮ።

በአራተኛው ቀን ጥርስ ሠሪው ሥራ ቦታዬ ደወለ። ድምፁ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

«እኅቴ፣ እንዲያው ቅር ብሎኝ ነው» አለ። «ባልሽን ያን ቀለም እንዴት እንደሚደባልቀው ጠየቅነው። ሁለት ጠብታ ሰማያዊ፣ አንድ ጠብታ ጥቁር፣ ለጫፉ ትንሽ ነጭ አለን። አምስት ሆነን ሞከርነው። የሚወጣው ያ የድሮው ሰማያዊ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?»

«ምስጢሩን ደብቆናል። በማኅበር ይህ አይደረግም። እስቲ ሲደባልቅ አየት አድርጊልን።»

«አየዋለሁ» አልኩት።

የዚያን ዕለት ከሥራ እንደገባ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ለአንድ አዲስ ምስል ካባ፣ የቀለም ሰሌዳው ላይ ሁለት ጠብታ ሰማያዊ አደረገ። የጥቁሩን ጠርሙስ አነሣ፤ ሰሌዳውን ወደ ሦስቱ መብራት አስጠግቶ አየና ጥቁሩን ሳይከፍት መልሶ አስቀመጠው። ነጭ ጨመረ። ደግሞ ነጭ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ሌላ ነጭ። ከዚያ የጠፋ ወዳጁን መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ። «አዎ፣ ይቺ ናት» አለ ለራሱ። አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ከሥራ ዐሥር ጥቅል ክር ይዤ መጣሁ። «ለአንድ ካፖርት ነው፤ ዛሬ ዓይኔ ደክሞኛል፣ ሰማያዊዎቹን ለይልኝ» አልኩት። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ስለ ቀለም አንዲት ነገር ጠይቄው ስለማላውቅ መጠርጠር ነበረበት። አልጠረጠረም፤ ደስ አለው። መነጽሩን አድርጎ ወደ መብራቱ ቀረበ። አረንጓዴዋን ሰማያዊ ብሎ መረጣት። ሐምራዊዋን ከቡናማዋ ጋር አደረጋት። ጥቁር ሰማያዊዋን ትንሽ አገላብጦ «ይቺ ጥቁር ናት» አለና ወደ ዳር ገፋት።

«ጨረስኩ» አለኝ። «ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ዓይንህ ላይ ሞራ አለ» አልኩት።

«ምን አለ?»

«ሞራ። ጥቁር ያልካት ሰማያዊ ናት። ሰማያዊ ያልካት አረንጓዴ ናት። ካባዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጥርስ ሠሪው የሸለመው ሞራህን ነው።»

መጨረሻ ላይ ያልኩትን ባልለው ይሻል ነበር። እኔ ስፈራ ምላሴ ይሾላል። ባሌ ግን አልተቆጣም። ክሯን አንሥቶ ወደ መጀመሪያው መብራት አስጠጋት፤ ወደ ሁለተኛው፤ ወደ ሦስተኛው።

«አምፖሉ ነው» አለ።

«ሦስቱም?»

«የዓመቱን የዓይን ምርመራ አልፌአለሁ እኮ። ከአራት ወር በፊት።»

የአውቶቡስ ዴፖውን ምርመራ አውቀዋለሁ። ከመጋዘኑ አጠገብ ባለች ክፍል ግድግዳ ላይ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ነጂው ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያነባል። ሰሌዳው እሱ ከተቀጠረ ጀምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ተቀይሮ አያውቅም።

«የመጨረሻውን መስመር በልልኝ» አልኩት። «እዚሁ ሆነህ።»

አነበነበው። ሳይደናቀፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከታች በጥቃቅኑ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን የስልክ ቁጥር ጨምሮ። ሲጨርስ ምን እንዳደረገ ገባውና ክሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አየህ፣ በቃልህ ነው የምታውቀው እንጂ አታየውም።»

«መንገዱንም በቃሌ ነው የማውቀው» አለ።

ይህን ያለው እኔን ሊያጽናና ነው።

«ሰውስ?» አልኩት። «መንገድ የሚያቋርጠውንም ሰው በቃልህ ነው የምታውቀው?»

ክሮቹን ወደ አንድ ጎን መሰብሰብ ጀመረ። እኔም እሳት ጎርሼ ተነሣሁ። ነገ ጠዋት ዴፖ ሄጄ ለስምሪት ኃላፊው ራሴ እናገራለሁ አልኩት። ያን ጊዜ ነው ድምፁ የተለወጠው።

«ስሚኝ» አለ። «ሞራው ይነሣል፤ አውቃለሁ፣ ሰው ሲነሣለት አይቻለሁ። ግን እስከዚያ መንጃ ፈቃዴን ነው የሚያነሡት። አንዴ ከተነሣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይመልስልኛል? ዴፖ ስሄድ ነጂ ነኝ። እዚህ ስገባ ቀቢ ነኝ። ሁለቱንም ዓይኔ ነው የሰጠኝ። ዓይኑ ሄዷል ካልሽኝ ምን ልሆን ነው? ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ከተጋባን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አዘንኩለት፤ እንዲህ አድርጎ ስላሳዘነኝ ደግሞ ተናደድኩበት። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ውሉን ያመጣው።

«አንድ ቀን የማታውን ፈረቃ እሠራለሁ። ከኋላዬ ተቀመጪ። አንዲት ስሕተት ካየሽብኝ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ። ካላየሽ ግን ይህን ነገር ዳግመኛ አታነሺውም።»

እሺ አልኩ። በሰው ነፍስ መወራረድ መሆኑን አላጣሁትም፤ እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቢያንስ ከጎኑ ሆኜ አያለሁ አልኩ፤ ቢያንስ አንድ የሚያይ ዓይን መኪናው ውስጥ ይኖራል አልኩ። ሰው ማድረግ የፈለገውን ለማድረግ ምክንያት አያጣም።

ሐሙስ ዕለት ዝናብ ጣለ። ከሥራ ወጥቼ እኛ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ተሳፈርኩ። ባሌ ማንም ሳያዘው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ከኋላው ያለችው የመጀመሪያዋ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰላምታ አልተለዋወጥንም፣ ለፈተና የተቀመጠና ፈታኙ ሰላም አይባባሉም።

ጥሩ ነዳ። እንዲያውም በጣም ጥሩ ነዳ። አንዲት አሮጊት ከነጓዛቸው እስኪቀመጡ ጠበቀ፤ መረቁት። የትራፊክ መብራት ጋ ስንደርስ ዓይኑን ከመብራቱ ይልቅ ከፊት ያለችው መኪና ላይ እንደሚተክል አየሁ፤ እሷ ስትቆም ይቆማል፣ እሷ ስትሄድ ይሄዳል። ይህ ስሕተት ነው ወይስ ብልሃት? ብልሃት ነው አልኩ። አራተኛው ፌርማታ፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ እያየሁ፣ ተሳስቼ ይሆናል ማለት ጀመርኩ። መሸነፍ እንዴት እንዳማረኝ ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ቤት ተመልሰን፣ ሾርባ አሙቄ፣ «ልክ ነበርክ» ልለው ቃሉን አፌ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር።

ዘጠነኛውን ፌርማታ አልፈን ፋርማሲው ጋ ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ አንድ ሰው ከእግረኛው መንገድ ወረደ። ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሷል፤ ጭንቅላቱን ከዝናቡ ደፍቶ ይራመዳል። ርቀት ስለነበረ አልደነገጥኩም። የባሌን ቀኝ እግር አየሁ። ነዳጁ ላይ ነው። ሰውየው ሌላ እርምጃ ተራመደ። እግሩ ነዳጁ ላይ ነው። ፊቱን በመስታወቱ አየሁት፤ ፊቱ የተረጋጋ ነበር፣ ባዶ መንገድ የሚያይ ሰው ፊት ነበር።

«ሰው!» ብዬ ጮኽኩ።

ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ረገጠው። የቆሙት ተሳፋሪዎች እርስ በርስ ተደራረቡ፤ የአንድ ሰው ቴርሞስ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ እስከ እግሬ መጣ። ሰውየው ከፊታችን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ፣ በመዳፉ የአውቶቡሱን ግንባር ሁለቴ መታው፣ ያልሰማነውን ስድብ ተሳደበና አቋርጦ ሄደ።

«ምነው ሴትዮ፣ በጩኸት ልትገድይን ነው?» አለ ከኋላዬ አንዱ።

«ነጂው ጎበዝ ባይሆን ዛሬ ጉድ ነበርን» አለች ሌላዋ። «እንዴት ያለ ፍሬን ነው የያዘው!»

ባሌ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተመሰገነ።

የቀረውን መንገድ በእርምጃ ነዳ። ከኋላ ጡሩንባ ነፉብን፤ አልሰማም። ዴፖ ስንደርስ የመጨረሻው ሰው ወርዶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩን አጠፋ። የዝናብ መጥረጊያው መስታወቱ መሐል ላይ ቆመ።

«ምን ለብሶ ነበር?» አለኝ ሳይዞር።

«ካፖርት። ጥቁር ሰማያዊ።»

«ረጅም ነው?»

«ረጅም ነው። ጺም አለው። የወረቀት ከረጢት ይዟል።»

ስለማያውቀው ዘመዱ እንደሚነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«በእጁ ሲመታን ነው ሰው መሆኑን ያወቅኩት» አለ።

ትከሻውን ያዝኩት። ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። ቁልፉን ነቅሎ ወረደና፣ ዝናቡን ሳይሸሽ፣ ጨርቄን ማቄን ሳይል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ስምሪት ክፍሉ ሄደ። ተከተልኩት።

ስምሪት ኃላፊው የልጃችን እኩያ ነው፤ ባሌ ነው መንገዶቹን ያስተማረው። አንዲት የደከመች አምፖል ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ባሌን ሲያይ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ከመሪ ልወርድ ነው የመጣሁት።»

«ለዛሬ? ችግር የለም፣ ሰው እተካለሁ።»

«ለዛሬ አይደለም። ዓይኔ አያይም።»

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሻዩን አስቀምጦ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ጋሼ፣ እንዲህ እናድርግ» አለ ድምፁን ቀንሶ። «ጉንፋን ብዬ ልጻፍ። ሁለት ሳምንት ትቀመጣለህ፣ ሐኪም ታያለህ፣ ከዚያ እናስብበታለን። ዓይን ብዬ ከጻፍኩ ግን ወረቀቱ ከእጄ ይወጣል፤ ወደ ፈቃድ ሰጪዎቹ ነው የሚሄደው። መልሰው ይስጡህ አይስጡህ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ በአንተ ዕድሜ የመለሱለት ሰው አላየሁም።»

ጉንፋን። ያን ሁሉ የተጨቃጨቅኩት፣ የዛትኩት፣ ዴፖ ሄጄ ራሴ እናገራለሁ ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝ። በዚያች ደቂቃ ግን ጉንፋን በዓለም ላይ ካለ ቃል ሁሉ የሚያምር ቃል መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ከዚያም ሁለት ሳምንት፤ ማን ያውቃል? ባሌ ወደ ቤት ነጂ ሆኖ ይመለሳል። «ልጁ ልክ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ጻፍ» አለ ባሌ። «ሰው አላየሁም ብለህ ጻፍ።»

ልጁ ቅጹን አወጣ። ቀስ ብሎ ጻፈ፤ በመሐል ሁለት ጊዜ ቆሞ ባሌን አየ። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረለት።

ባሌ ወረቀቱን ወደ አምፖሏ አነሣው፤ አስጠጋው፤ አራቀው። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ።

«እንዳልኩት ጽፎታል?»

አነበብኩት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ሰው አላየሁም» ይላል። ሌላ ነገር ብነግረው ያምነኝ ነበር።

«እንዳልከው ነው የጻፈው» አልኩት።

«የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ጣቱን ይዤ መስመሩ ላይ አስቀመጥኩለት።